መሸኛ ያለ ሸኚ

በአገራችን የትምህርት መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ሁለት ሰነዶች ይጻፋሉ። አንደኛው ጥራዙ የወፈረ፣ ባለሙያዎች በሆቴል አዳራሽ የሚወያዩበት፣ ጋዜጦች የሚተነትኑት፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ገጽ እየጠቀሰ የሚሟገትበት ነው። ሁለተኛው በትምህርት ቤቱ የብረት በር ላይ የሚለጠፍ፣ ማኅተም ያረፈበት ባለ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። በሁለተኛው ላይ ማንም አይከራከርም፤ ተለጥፎ ሲገኝ ነገሩ ሁሉ ተቆርጦ ያለቀ ነውና። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል። ዛሬ የማነሣው ስለ ሁለተኛው ነው።

ለመንደርደሪያ ያህል መዋቅሩን ላስታውስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎ በሁለት ዑደት ከፍሎት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ለውይይት የቀረበው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ይህ እንዲለወጥ መከረ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ክፍል ሲገባ አንደኛ ደረጃ 6ኛ ላይ ቆመ፤ 7ኛና 8ኛ «መካከለኛ ደረጃ» የሚል ስም አገኙ፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ሆነ። ዕድሜው ገፋ ያለ አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል፤ በንጉሡም በደርግም ዘመን የነበረው ስድስት–ሁለት–አራት ነው። ያኔ መካከለኛው «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባል ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ዞረን ከተነሣንበት ደረስን ማለት ነው። ይህን ስል ለማሾፍ አይደለም። የሰባት ዓመት ሕፃንና የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ በአንድ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሲጋፉ ያየ ሰው መለያየታቸውን አይቃወምም፤ እኔም አልቃወምም።

በወረቀት ላይ ይህ ሁለት ቁጥሮችን ከአንድ ሣጥን አውጥቶ ሌላ ሣጥን ውስጥ መጻፍ ነው። በብዙ ቅጥር ግቢዎች በእርግጥም ከታፔላው በቀር የተለወጠ ነገር የለም፤ «የመጀመሪያ ደረጃ» የነበረው «የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ» ተባለ፣ ቀለም ተቀባ፣ አለቀ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀራርበው በሚገኙባቸው አንዳንድ ሠፈሮች ግን ነገሩ ወደ ሽግሽግ አመራ። ትንንሾቹ ወደ አንዱ ግቢ፣ ትልልቆቹ ወደ ሌላው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በተለምዶ «ወተመህ» የምንለው ኮሚቴ አባል በሆንኩበት የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የደረሰው ይኸው ነው። የትምህርት ቤቱንም የወረዳውንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ።

ማስታወቂያው የተለጠፈው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት ነው። «በአዲሱ የትምህርት መዋቅር መሠረት የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሽግሽግ የተደረገ ስለሆነ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በዚህ፣ የ7ኛና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚያኛው ቅጥር ግቢ የሚስተናገዱ መሆኑን አውቃችሁ በተመደባችሁበት ቦታ እንድትመዘገቡ እናሳስባለን» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዋስዉ አልጎደለም። ለማን እንደተጻፈ ግን እስካሁን አልገባኝም። ለወላጅ ከሆነ ወላጅ የሚጠይቀውን አንዱንም አይመልስም፤ ለተማሪ ከሆነ «የሚስተናገዱ» የሚለው ቃል ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ማለት ነው?

በዚያ ሳምንት በሩ ላይ ቆመን የሰማናቸውን ጥያቄዎች በማስታወሻዬ ይዤአለሁ። ስለ ሥርዓተ ትምህርት የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ምግብ እዚያም አለ ወይ?» የሚል ነበር። የአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባ በ2012 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ ቁርስና ምሳ ማለት ትምህርት ቤት ነው፤ የምገባው ነገር ሳይታወቅ ስለ መዋቅር ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ከዚያ ስለ አስፋልቱ ይጠየቃል፤ አዲሱ ግቢ የሚገኘው ከዋናው መንገድ ማዶ ነውና። ከዚያ ስለ ዩኒፎርሙ፤ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቀለም ይለያያል፣ አምና የተሰጠው ሹራብ ገና አላረጀም። ከዚያ ስለ ታናሽ ወንድም፤ እስከ ትናንት የስድስተኛ ክፍሏ እኅት እጁን ይዛ ታመጣው የነበረውን የአንደኛ ክፍል ሕፃን ከእንግዲህ ማን ያምጣው?

አንዲት አያት፣ እማማ ብዬ የምጠራቸው የሠፈራችን ሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ማስታወቂያውን አንብቤላቸው ከጨረስኩ በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ እንግዲህ አባረሩት ማለት ነው?» አሉኝ። አልተባረረም፣ እንዲያውም ወደ ሰባተኛ አልፏል ብዬ ሳስረዳቸው «ታዲያ ካለፈ ለምን ያስወጡታል?» ሲሉ መለሱልኝ። ልጁ ከጎናቸው ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። እርሱም ያሰበው እንደ አያቱ እንደነበር በኋላ ነው የነገረኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ በዚያ ክረምት የስድስተኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተና ተፈትኖ በጥሩ ውጤት አልፏል። ፈተና ባለፈ ማግሥት ከትምህርት ቤቱ ውጣ የተባለ ልጅ ሁለቱን ነገሮች ቢያገናኛቸው ምን ይፈረድበታል?

ወረዳው በኋላ ባወጣው ሪፖርት ላይ «ለወላጆች ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ተሠርቷል» የሚል መስመር አይቻለሁ። ይህችን ሐረግ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከማዳበሪያ እስከ ምርጫ፣ ከክትባት እስከ ግብር፣ መንግሥታት ቢቀያየሩም እርሷ አልተቀየረችም። ጨባጩን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኛ በዚያ በር ላይ እጃችንን ዘርግተን ሁለት ሳምንት ቆመናል፤ የጨበጥነው የማስታወቂያውን ጫፍ ነው፣ ያውም ዝናብ አርሶት።

ይህ ነገር ትንሽ ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ትልቁ ጉዳይ የትምህርት ጥራት ነው፣ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ በሆኑባት አገር ስለ ሹራብ ቀለም ትጽፋለህን የሚለኝ አይጠፋም። መልሴን ከታሪክ ልጀምር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ከሥር መሠረቱ ለማደራጀት የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስቦ አንድ ትልቅ ጥናት አስጠና። በታሪክ «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ከዋና ምክሮቹ አንዱ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ሕፃናት እንዲዳረስ ነበር። ሐሳቡን ዛሬ ረጋ ብሎ ላነበበው ሰው ሁሉም ክፋት አልነበረም፤ ትምህርት በከተማና በጥቂቶች እጅ ብቻ በቀረበት ዘመን ገጠሬው ልጅ ቢያንስ አራት ዓመት ይማር ማለት ነው። ጥናቱ ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ከርሞ ወሬው ቀድሞት ወጣ። ከተሜው ወላጅ የሰማው «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ሊደረግ ነው» የሚል ነበር። መምህሩም የራሱን ሰማ፤ ሥራ እንጂ ደመወዝ እንደማይጨመርለት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መትተው ነበር። ወላጅና ተማሪ ጎዳና ወጣ። መንግሥት ጥናቱን ተግባራዊ ማድረጉን አቆምኩ ቢልም ጊዜው አልፎ ነበር፤ የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዘውዱን ያወረደው ሴክተር ሪቪው ነው አልልም። ወሎ ተርቦ ነበር፣ ሠራዊቱ አኩርፎ ነበር፣ መሬት ላራሹ ሲባል ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ ጨዋውንና ጸጥተኛውን የከተማ ወላጅ ከቤቱ ያስወጣው አንድ ነገር ቢኖር የልጁ ክፍል ጉዳይ ነበር። ሰው በራሱ ላይ የመጣበትን ብዙ ነገር ይችላል። ልጁን የት ሊያደርሱበት እንደሆነ ሳይነገረው ሲቀር ግን አይችልም። ይህን ከሃምሳ ዓመት በፊት የተማርን አገር ዛሬም ሽግሽግን በነሐሴ መጨረሻ በር ላይ እንለጥፋለን።

የ1986ቱ ለውጥ በበኩሉ ጠመንጃ ባሸነፈ ማግሥት የመጣ ስለሆነ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ተባለ፤ መምህራኑ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» እያሉ ሲያማርሩ ብዙ ዓመት ሰምተናል። ሙዚቃም ስፖርትም ሒሳብም በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ምን እንደተለወጠ ለወላጅ ያስረዳ ካለ እኔ አላገኘሁትም።

አስተዳደራችንን ብቻ ለመውቀስ እንዳይመስልብኝ የሰው አገር ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 የቺካጎ ከተማ የትምህርት ቦርድ ወደ 50 የሚጠጉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ እንዲዘጉ ወሰነ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አንደኛ ደረጃ ነበሩ፤ ልጆቹም በአብዛኛው የጥቁሮችና የድኾች ሠፈር ልጆች ናቸው። ምክንያቱ የተማሪ ቁጥር ማነስና የበጀት ጉድለት ነው ተባለ። ከተማዋ ገንዘብ ነበራትና ልጆቹ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት በሚሄዱባቸው መንገዶች ላይ ጠዋትና ማታ የሚቆሙ ሰዎችን ቀጥራ አሰማራች፤ «ሴፍ ፓሴጅ» ይሉታል። ከአምስት ዓመት በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የትምህርት ምርምር ተቋም ውጤቱን አጥንቶ ሲያወጣ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር ተገኘበት። የልጆቹ የፈተና ውጤት ይበልጥ ያሽቆለቆለው ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ዓመት አልነበረም። ገና መዘጋቱ በተነገረበት ዓመት፣ ልጆቹ በነባሩ ክፍላቸው በነባሩ መምህራቸው ፊት ተቀምጠው ሳሉ ነው የወደቀው። መምህራንና ተማሪዎች ለአጥኚዎቹ የነገሯቸውም ሐዘን የሚመስል ነገር ነበር።

ይህን ሳነብ እማማ ትዝ አሉኝ። ጉዳቱ የሚጀምረው ዴስኩ ሲጫን አይደለም። ወሬው ሲሰማና የሚያስረዳ ሰው ሲታጣ ነው። ስለዚህ ስለ ሹራብ ቀለም መጻፌን እቀጥላለሁ።

እንግዲህ ያን ክረምት ያደረግነው እንዲህ ነው። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሆነብንና ሦስት መምህራን፣ አራት ወላጆችና አንዲት ዳይሬክተር ተሰባሰብን። ዳይሬክተሯ ማስታወቂያውን የለጠፈችው ታዛ እንጂ አምናበት አልነበረም። መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ መሸኛ ነው። ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅ መሸኛ ይወስዳል፤ ውጤቱ ከሮስተር ተገልብጦ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ተለጥፎ፣ ማኅተም ይመታበታል። ከመምህራኑ አንደኛው፣ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ስሙ መሸኛ ነው፤ የሚሸኝ ግን የለበትም» አለ። በባህላችን እንግዳ ሲሄድ እስከ በር፣ ከዚያም እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኛል። ልጅን ግን ወረቀት አስይዘን ነው የምንለቀው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀላል ሆነ ማለት ባልችልም መልክ ያዘ። የክፍል ኃላፊ የነበሩት መምህራን ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሦስት መስመር እንዲጽፉ ጠየቅን። ውጤት አይደለም፤ ውጤቱ መሸኛው ላይ አለ። «ከሰሌዳው ርቆ ከተቀመጠ አያይም፣ መነጽር የለውም»፣ «ሰኞ ሰኞ ታረፍዳለች፣ እናቷ ገበያ ስለምትሄድ ነው፣ አትቅጧት»፣ «ዝም ቢልም ያውቃል፣ ጠይቁት» የሚል ዓይነት። እነዚህን ወረቀቶች ያነበበ ሰው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ግድ የለውም የሚለውን የተለመደ ሐሜት ሁለተኛ አይደግምም። ሰባ ልጅ በሚማርበት ክፍል ውስጥ ማን መነጽር እንደሚያስፈልገው አውቀው ኖሯል። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ግን አልጻፉትም፤ ልጁ ግቢ በቀየረ ቁጥር እውቀቱም ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍነው። ምግቡ እንዳለ (ይህን ለማረጋገጥ ብቻ ሁለት ቀን ተመላልሰናል)፣ የቀድሞው ዩኒፎርም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደሚፈቀድ፣ ልጆቹ ስላለፉ እንጂ ስለ ጥፋት እንዳልተዛወሩ፣ ጥያቄ ያለው ወላጅ ማንን በስንት ሰዓት እንደሚያገኝ ጻፍን። ማንበብ ለማይችሉት በዕድር በኩል አስነገርን። ዕድር ማለት በዚህ አገር ከማንኛውም የኮሙዩኒኬሽን ቢሮ የበለጠ ሰው ጆሮ የሚደርስ ተቋም ነው፤ ወረዳው ለምን እንደማይጠቀምበት አይገባኝም። ለነገሩ ሲፈልግ ይጠቀምበታል፤ ለመዋጮ ሲሆን።

ጳጉሜን 3 ቀን ልጆቹን ይዘን ወደ አዲሱ ግቢ በእግር ሄድን። የሩፋኤል ዕለት ነበርና ልጆቹ ከማስረዳታችን ይልቅ ዝናቡን ይጠብቁ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳለን ወረደላቸውና ግማሾቹ በስብሰው ገቡ። አስፋልቱን የት እንደሚሻገሩ፣ ጠዋት የከባድ መኪና ግርግር ባለበት ሰዓት ትራፊክ ፖሊሱ የት እንደሚቆም አየን። በአዲሱ ግቢ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጠበቁን፤ ለእያንዳንዱ አዲስ መጪ አንድ ትልቅ ልጅ ተመደበለት። መጸዳጃ ቤቱን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ የምግብ አዳራሹን አሳዩዋቸው። ለልጅ ትምህርት ቤት ማለት በመጀመሪያ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የእማማ የልጅ ልጅ ከአንድ ረጅም ልጅ ጋር ስለ አርሰናል ሲከራከር አየሁት፤ ስለ እርሱ ያለኝ ስጋት እዚያው ቀነሰ።

ያልቻልነውም ነበር። ከእነዚህ አንዱ የቋንቋው ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡንም የአካባቢ ሳይንሱንም በአማርኛ ይማራል፤ 7ኛ ሲገባ ሒሳቡና ሳይንሱ እንግሊዝኛ ይሆኑበታል። ይህ ወሰን አዲስ አይደለም፤ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ከሆነበት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህች ከተማ 7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ በር ነው። ቀድሞ ግን ልጁ ይህን በር የሚያልፈው በሚያውቀው ግቢ፣ ከሚያውቃቸው መምህራን ጋር ነበር። አሁን በአንድ መስከረም ግቢው፣ መምህሩ፣ የትምህርቱ ዓይነትና ቋንቋው በአንድነት ይለወጡበታል። እነዚህ ልጆች ደግሞ እነማን እንደሆኑ እንቁጠር፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሦስተኛ ክፍል ነበሩ። ማንበብ ከሚጸናበት ዕድሜያቸው ላይ ወራት ተቆርጦባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ መጽሐፍ ታትሞ ስላልደረሰ ዓመቱን በ«ሶፍት ኮፒ» ነው የገፉት፤ ስልክ ያለው ወላጅ ከቴሌግራም አውርዶ አሳተመ፣ የሌለው ልጅ ከሰሌዳ ገለበጠ። በክረምቱ ውስጥ የሦስት ሳምንት የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እንዲሰጥ ጠይቀን «በጀት አልተያዘም» ተባልን። መልሱ ሐሰት አይደለም። አልተያዘም ነበር።

ሌላው ደግሞ የልጆች ቆጠራ ነው። መስከረም ላይ ስም ስንጠራ ሦስት ልጆች አልደረሱም። አንደኛው ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሐዋሳ ሄዷል። ሁለተኛው ሱቅ ተቀጥሮ ተገኘ፤ አጎቱን ለምነን መለስነው። ሦስተኛዋ ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት የምትኖር ልጅ ናት፤ «ዘመድ» የሚለውን ቃል አንባቢ እንደሚያውቀው አድርጎ ይረዳው። የቀድሞው ትምህርት ቤት ከቤቱ ጀርባ ስለነበር በምሳ ሰዓት ሮጣ መጥታ ወጥ ሠርታ ትመለስ ነበር። አዲሱ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ቤቷ ድረስ ሄደን የቤቱን እመቤት አነጋገርናቸው። በትሕትና ተቀበሉን፣ ቡና አፈሉልን፤ «እኔ ተይ አላልኳትም፤ ትምህርት ቤቱ ነው የራቀው» አሉን። ልጅቷ ረከቦቱን አቅርባ ስኒ ስታጥብ ቀና ብላ አላየችንም። ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። የማታ ትምህርት ትጀምራለች ተባልን፤ አልጀመረችም።

የትምህርት መረጃ ሰነዶች ላይ ይህች ልጅ «ያቋረጠች» ተብላ ትቆጠራለች። ቃሉን ስታዩት አድራጊዋ ራሷ ትመስላላችሁ።

ስለዚህ ነገር አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወዳጄን ስሞግተው ቅር ብሎት እንዲህ አለኝ፦ «እናንተ ሁለት ትምህርት ቤት ነው ያያችሁት፤ እኔ ከአሥር በላይ ነው ያለብኝ። መመሪያው ከላይ የደረሰኝ ሐምሌ ውስጥ ነው። የመማሪያ ክፍል አልተጨመረልኝም፣ ሰው አልተጨመረልኝም። ቤት ለቤት እየሄድኩ ቡና ልጠጣ?» በከፊል እውነቱን ነው። እርሱም እንደ እማማ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰው ነው፤ የእርሱ በር ከፍ ያለ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ግን ይህ መልስ ጥያቄውን ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ አይዘጋውም። ለመጽሐፍ ኅትመት መስመር አለ፣ ለሥልጠና አበል መስመር አለ፣ ለውይይት መድረክ ሻይና ዳቦ እንኳ መስመር አለ። ልጅን ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ለማድረስ ግን የበጀት መስመርም የሥራ መደብም የለም። የሌለው ደግሞ በድኽነት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ እኛ ያወጣነው ገንዘብ ለፎቶኮፒና ለደረቅ ዳቦ ነበር።

ጉዳዩ በ2016 ዓ.ም. ከመዋቅር ሽግሽግ አልፎ ሄደ። በዚያ ዓመት አጋማሽ ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ስለ ሕንፃዎቹ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ ቅርሱ ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። የፒያሳው መፍረስ የትምህርት ዘመኑ እኩሌታ ላይ፣ የካዛንቺሱ ገና ደብተር በተገዛ ሰሞን ነው የመጣው። ወላጆቻቸው ከከተማው ዳር ወዳሉ ጋራ መሳይ ኮንዶሚኒየሞች ሲዛወሩ ልጆቹ መሸኛ ይዘው ተከተሉ። ወደ እኛ ግቢም ከነዚሁ ጥቂቶቹ ደርሰዋል። ከእነርሱ ጋር ከመጣው ወረቀት ላይ ማርኩንና ማኅተሙን አነበብን፤ ማን መነጽር እንደሚያስፈልገው የጻፈልን አልነበረም።

በያዝነው ዓመት ወረዳው በአቅራቢያችን ያሉ ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለማሸጋሸግ እንዳሰበና የኛ ኮሚቴ «ልምዱን እንዲያካፍል» የሚጠይቅ ደብዳቤ ደርሶናል። ልምድ ማካፈል ማለት በአዳራሽ ተሰብስቦ መጨብጨብ እንዳይሆን ብለን መልሱን በጽሑፍ ሰጠን። ሽግሽጉ ለወላጅ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይነገር፤ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ክረምቱን አበል ተከፍሎት ልጆቹን ያሸጋግር፤ መስከረም ላይ ስማቸው ተጠርቶ ያልደረሱ ልጆች ዝርዝር ለወረዳው ምክር ቤት በይፋ ይቅረብ። ዳይሬክተሯ ሦስተኛው ጥያቄ ደብዳቤውን እንዳያስመልሰው ሰግታ ነበር፤ ተነጋግረን ተውነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። መልስ አልመጣም፤ ሚያዝያ ሳይደርስ ሄደን እንጠይቃለን።